እማማ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ዝርዝር

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ባሕር ተሻግረሽም ቤታችንን ለምታስተዳድሪው እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሽልኛል? ፈጣሪ ሙቀቱንም ቅዝቃዜውንም በልክ ያድርግልሽ። እኔ ወገቤን ካላነሣን ደህና ነኝ። እማማ ደግሞ ከደህና በላይ ናት፤ ያንቺ ዝርዝር ከደረሳት ወዲህ ክንፍ አውጥታለች።

የምጽፍልሽም ስለዚሁ ዝርዝር ነው። በስልክ ላነሣው አስቤ ነበር። ግን እኔና አንቺ ስልክ ላይ ጮኸን ነው የምንለያየው። ሁለት ዓመት ከተኳረፍን በኋላ እማማ «ከእንግዲህ የምትባባሉትን በወረቀት ተባባሉ፤ ወረቀት ላይ ሰው አይጮህም» ብላ አስምላናለች። ወረቀት ላይም መጮህ እንደሚቻል ዛሬ አሳይሻለሁ።

እኔ ማን ነኝ? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከደረጃ ሥር ባለች ሱቅ ጎንበስ ብዬ የሰው ኮምፒውተር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ስሜን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ጠጋኙ ነው የሚለኝ። የእማማን ኮምፒውተር ከሦስት የሞቱ ኮምፒውተሮች አንድ ሕያው አድርጌ የገጣጠምኳት እኔ ነኝ። ታዲያ ባለፈው እሑድ ምሳ ልበላ ብሄድ፣ ከስክሪኑ በላይ ግድግዳው ላይ ምን ተለጥፎ አየሁ? «ለቤት ኮምፒውተር የሚሆኑ ነጻ ፕሮግራሞች»። ያንቺ የእጅ ጽሕፈት! ለመጻፍ ሊብሬኦፊስ፤ ለፊልም ቪኤልሲ፤ ለኢንተርኔት ፋየርፎክስ፤ «እማማ፣ እጅሽ ሲደክም ድምፅሽን ቅጂበት» ብለሽ ኦዳሲቲ። ከሥሩ ደግሞ በነጻ የሚገኝ የአማርኛ መጻፊያ፣ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት።

«ማን ጫነልሽ?» አልኳት።

«ራሴ። ዝርዝሩ ላይ እንዴት እንደሚጫን ተጽፏል» አለችኝ፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው! አርባ ዓመት ሴቶችን ስታዋልድ የኖረች አዋላጅ መሆኗን አውቃለሁ፤ እጇ አያርፍም። ግን ልጇ ጠጋኝ ሆኖ ራሷ ትጫን? ጥሩ የቫይረስ መከላከያ ላምጣልሽ ብላት «የእህትህ ዝርዝር ላይ አለ?» አለችኝ። እርር ድብን አልኩ።

እባክሽ ሌላ ዝርዝር ካለሽ በእኔ በኩል ላኪ። አሥራ አንድ ወር ታላቅሽ መሆኔን አትርሺ።

አክባሪሽ ወንድምሽ፣ ጠጋኙ


ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለተከበርከው ለጋሼ፣ በአሥራ አንድ ወር፤

እንደምን ከረምክልኝ? ለወገብህ ምሕረት ይላክልህ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ነው፤ አንሶላ ስናጥፍ እንውላለን። አብራኝ የምታጥፈው ሴት ከዚያኛው ጫፍ ስትጎትት እኔ ከዚህኛው እጎትታለሁ፤ እንደ እኔና አንተ በለው።

ደብዳቤህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ኋላ ግን ከፋኝ። ዝርዝሩን አንተን ለመዝለል አልላክሁትም። ማክሰኞ ማክሰኞ ሰፈራችን ያለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነጻ የኮምፒውተር ትምህርት አለ። አስተማሪው ጺማም ጡረተኛ ነው። «ለቤታችሁ የሚሆን ነገር በነጻ እያለ የተሰረቀ አትጫኑ» እያለ ያጽፈናል። እኔም የጻፍኩትን ለእማማ ገልብጬ ላክሁላት። ነገሩ ይኸው ነው።

ደግሞስ አንተ በእኔ ትቀናለህ? አንተ ምሳህን ከእሷ ጋር ትበላለህ። ስታስል ትሰማለህ። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሻሽ ታያለህ። እኔ ያለኝ በሳምንት አንድ ገጽ ነው። አዎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በኢሜይል የምትልክልኝን ገጽ ነው የምልህ። ያዋለደቻቸውን እየጻፈች እኮ ነው። መንታ ወልዳ አንዱን ብቻ ቆጥራ ልትሄድ ስለነበረችው የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ያለው ገጽ የሚገርም ነው። አልነገረችህም እንዴ?

አንድ ነገር ልለምንህ። የጻፈችው ሁሉ ያለው እዚያች ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛ ቅጂ በራሱ የሚያስቀምጥ ነጻ ፕሮግራም ዝርዝሩ ግርጌ ላይ ጽፌያለሁ፤ እሱን መጫን ከብዷታል። አንተ ጫንላት። እጇስ መንቀጥቀጡን ትቷል?

እህትህ


ኅዳር 19 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ይድረስሽ።

አልነገረችኝም። በየሳምንቱ ቅዳሜ ገጽ እንደምትልክልሽ ካንቺ ነው የሰማሁት፤ አመሰግናለሁ። እኔ ስገባ ስክሪኑን በፎጣ ትሸፍነዋለች። መጀመሪያ አቧራ እንዳይገባው መስሎኝ ነበር። «ምን እየጻፍሽ ነው?» ስላት «ያንተ ሥራ ማሽኑ ነው፤ የኔ ሥራ ጽሕፈቱ» አለችኝ። የገዛ ልጇን! የዳቦ ጋጋሪው ሚስት መንታ መውለዷን እኔ፣ እዚሁ ያለሁት፣ ከባሕር ማዶ ልስማ?

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩልሽ፤ ወረቀት ላይ ስለሆነ አልጮህኩም።

እንደጠየቅሽኝ ኮምፒውተሯን አይቼላታለሁ። እንዲያውም ከጠየቅሽኝ በላይ አድርጌያለሁ፤ ከጽሑፎቿ በቀር ሙሉ በሙሉ አጽድቼ እኔ ለደንበኞቼ የምጭነውን፣ ሃያ ዓመት የማውቀውን የአማርኛ መጻፊያ ጫንኩላት። ሰው በገንዘቡ የሚገዛውን ፕሮግራም ነው፤ እኔ ጋ ግን የመክፈቻ ቁጥሩ ስላለኝ ነጻ ነው። ነጻ ከተባለ የእኔም ነጻ ነው። ፊደሉ ወፍራምና ያማረ ነው። የቁልፎቹ አቀማመጥ ስለተለየ ሁለት ቀን ተቆጣችኝ፤ አሁን ለምዳዋለች። በየቀኑ እየደወለች «ኧረ ና፣ ይህቺ ፊደል ጠፋችብኝ» ትለኛለች። ሄጄ አሳያታለሁ። ሻይ ታፈላልኛለች።

ጠጋኙ


ጥር 8 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ። ሰላም ነህ? ቤቱስ?

የምጽፍልህ ጨንቆኝ ነው፤ ሳትቆጣ አንብበው። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ከእማማ አራት ገጽ መጥቶልኛል። አንዱም ገጽ አማርኛ አይደለም። ጭረት፣ ነጥብ፣ ቅንፍ፣ ባለ ኮፍያ የፈረንጅ ፊደል፣ እንደገና ጭረት። ጺማሙን አስተማሪ አሳየሁት፤ ፊደላችንን ስለማያውቅ እሱም ግራ ገባው። እኔ ግን የመጣብኝ ሌላ ነው። እጇ ተሸንፎ ቁልፉን ሁሉ በመዳፏ እየተጫነች ነው? ወይስ፣ አፌ አይበለውና፣ አእምሮዋ ነው?

ሁልጊዜ እሑድ ስደውልላት «ደረሰሽ? አነበብሽው?» ትለኛለች። ምን ልበላት? «እማማ፣ የላክሽው ሁሉ ዝብርቅርቅ ነው» ልበላት? አርባ ዓመት ሰው ያከበራትን ሴት? አንብቤዋለሁ አልኳት። አራቱንም ጊዜ። በመጨረሻው ላይ ድምፄን ደስ አሰኝቼ «በጣም ደስ የሚል ነው፤ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው ያነበብኩት» አልኳት። «ሳቅሽ?» አለችኝና ደክሞኛል ብላ ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቅዳሜ ባዶ ነው።

አንተ ቅርብ ነህ። እባክህ እያት። ስትጽፍ ከጀርባዋ ቆመህ እያት። ቅርብ መሆንህን ሳስብ በቅናት እንቅልፍ አጣለሁ፤ ይህን ያህል ቅርብ ሆነህ ካላየሃት ግን ይቅር አልልህም።

ዝርዝሩ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው?

እህትህ


ጥር 29 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

እማማ ደህና ናት። አእምሮዋ ከእኔም ካንቺም የተሳለ ነው። እጇ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ዕድሜ ነው።

መጻፉን ትታዋለች። ሰው ይሰለቻል። አሁን ብዙ ጊዜ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች፤ እኔ ስሄድ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ፎጣውም የለም። ቁጭ ብለን እናወራለን። ወይም እኔ አወራለሁ። የኔ ነገር ጆሮዋ ከገባ ስንት ዘመኑ ነበር? ስለዚህ አትጨነቂ፤ እኔ አለሁላት። አንቺም አንሶላሽን እጠፊ።

ሥራ ስለበዛብኝ አጭር ሆነብኝ፤ ይቅርታ።

ጠጋኙ


የካቲት 14 ቀን

ወንድሜ፤

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ።

ባለፈው እሑድ እማማ በስልክ እንዲህ አለችኝ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ። «ፈርደሽብኝ ነው የምትስቂው ወይስ ምረሽኝ?» እኔም ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። «ምን አጥፍተሽ ነው የምምርሽ?» አልኳት። ስልኩ ከጉትቻዋ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ።

ምን ጽፋልኝ ነበር? ካንተ በቀር የምጠይቀው የለኝም። ዝርዝሩን ጠይቄህ ነበር፤ አልመለስክልኝም።


የካቲት 30 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። በኢሜይልሽ «ቅዳሜ» የሚል ፋይል ልኬልሻለሁ፤ ደብዳቤው እስኪደርስሽ አትክፈቺው ብዬ እላዩ ላይ ጽፌያለሁ። ከከፈትሽውም አልፈርድብሽም።

ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ የለም። ኅዳር ላይ እኔ ነኝ ያነሣሁት። «ቀለሙን ይልጠዋል» አልኳት። ያንቺን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ አጠፋኋቸው፤ እያንዳንዱን ሳጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ሁለተኛ ቅጂ የሚያስቀምጠውንም አልጫንኩትም። እኔ የጫንኩት መጻፊያ የድሮ ነው። ፊደሉ አማርኛ የሚመስለው ያው ፎንት፣ ማለት ያው የፊደል ቅርፅ፣ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ሌላ ቤት ሲሄድ ጭረትና ቅንፍ ይሆናል። ይህን በሙያዬ አውቀዋለሁ። ስጭነው አላሰብኩትም፤ በዚህ እመኚኝ። ጥር ላይ የጻፍሽልኝን ሳነብ ግን ወዲያው ገብቶኛል። አውቄ ዝም አልኩ። ያንቺ ገጽ ቀርቶ የኔ ሻይ ስለመጣ ዝም አልኩ።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን እማማ ዓይኗን ለመታየት ሐኪም ቤት ሄዳ ነበር። ሱቄን ዘግቼ ሄድኩና አራቱን ገጽ ከፈትኩ። የመጀመሪያው ስለ አንዲት የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነው፤ ልጅ ከመውለዷ አንድ ሰዓት በፊት የሰው ሱሪ ስትጠቀልል ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛውም ያስቃሉ። አራተኛው ግን ያንቺ ነው።

ከጨረስኩት በኋላ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። እማማ ገብታ አየችኝ። ስክሪኑንም አየችው። ፎጣ አልፈለገችም። «እሷም አንብባዋለች» አለችኝ፤ «ሳቀች።» ያንቺን ውሸትና የኔን ሥራ ያን ጊዜ ልነግራት ይገባ ነበር። አልነገርኳትም። አንቺው ንገሪያት፤ የኔንም ጨምረሽ።

ያንቺን ፕሮግራሞች ሁሉ መልሼ ጫንኩ። ጽሑፉን ወደ አዲሱ ፊደል የሚቀይር መሣሪያ አለ፤ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። አልተጠቀምኩበትም። ገጾቹን ሱቅ ወስጄ አራቱንም በእጄ፣ ቁልፍ በቁልፍ፣ እንደገና ጻፍኳቸው። አሥር ቀን ፈጀብኝ። አራተኛው እንዲህ ይላል፤ ኢሜይሉ ባይከፈትልሽ ብዬ እዚህም በእስክሪብቶ ገለበጥኩልሽ።

«የእህቴን ልጅ ያዋለድኩት እኔ ነኝ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ሐኪሙን ማስጠራት የነበረብኝ ከቀትር በፊት ነው። ብዙ ስላዋለድኩ እጄን አመንኩትና እችላለሁ አልኩ። ሕፃኗ ደህና ወጣች። እህቴን ግን ደሙ አልቆምላት አለ። ሐኪሙ ሲደርስ ሕፃኗን ታቅፌ ቆሜ ነበር። ለሰው ሁሉ የገደላት ንዳድ ነው ብያለሁ፤ ለልጅቱም እንዲሁ ብዬ አሳደግኋት። ንዳድ አልነበረም።

ሕፃኗ ስታለቅስ ጡቴን ሰጠኋት። የራሴ ልጅ አሥራ አንድ ወሩ ነበር። ለሁለት የሚሆን ወተት አልነበረኝምና የዚያን ዕለት አስጣልኩት። የአልጋውን ጠርዝ ይዞ ቆሞ ሌላ ልጅ ስትጠባ አየ። አላለቀሰም። ዛሬም ወደ ቤት ሲገባ በዚያው ዓይን ነው የሚያየኝ። ለእሷ የሰጠኋት ሁሉ ከእሱ ላይ ተወስዶ ነው፤ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል መሰለኝ። ስክሪኑን የምሸፍንበት ይህን እንዳያነብ ነው። ለእሷ ግን የምልከው ምሕረት ብታደርግልኝ ብዬ ነው፤ ባታደርግልኝም አልቀየማትም።»

ይኸው ነው። እኔ የምጨምረው የለኝም። ዝርዝሩን ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ደብቄው ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ወስጄ ግድግዳው ላይ መልሼ ለጠፍኩት። እማማ አየችው።

ወንድምሽ


መጋቢት 15 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

ደብዳቤህ ረቡዕ ደረሰኝ። ፋይሉን አልከፈትኩትም ነበር። ደብዳቤውን በምሳ ሰዓት፣ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ በተከመረ አንሶላ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። አንሶላ የምታጥፈው ጓደኛዬ ምን ሆንሽ አለችኝ። እናቴ ሞተች አልኳት። መቼ ስትለኝ ከሞተች ሃምሳ ዓመቷ ነው አልኳት፤ ያበድኩ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ።

ባንተ ተናድጄብሃለሁ። ዝርዝሩን በማንሣትህ ሳይሆን ከጥር እስከ የካቲት ዝም በማለትህ። በራሴም ተናድጄአለሁ። አንድ ጊዜ «አልገባኝም» ብላት ምን ነበረበት? በእማማም ተናድጄአለሁ። ንዳድ እያሉ ሃምሳ ዓመት! ሁለታችሁንም፣ ማለቴ ሦስታችንንም፣ አንድ ቦታ አስቀምጬ መጮህ አምሮኝ ነበር።

እሑድ እስኪደርስ አልጠበቅሁም። እዚያው ከማሽኖቹ መሀል ደወልኩላት። በረቡዕ ስለደወልኩ ሰው የሞተ መስሏት «ማን ሞተ?» አለችኝ።

«እማማ፣ እስከ ዛሬ ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነው» አልኳት። «አራቱን ገጽ አላነበብኳቸውም ነበር። ፊደሉ ተበላሽቶ መጥቶ ነው፤ እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው የዋሸሁት። የሳቅሁትም ሳላነብ ነው። ፊደሉን ያበላሸው ልጅሽ ነው፤ እሱም ተጸጽቷል።»

«አሁንስ?» አለች።

«አሁን አንብቤዋለሁ።»

ማሽኖቹ ይሽከረከሩ ነበር። እሷም ምንም አላለችም፤ እኔም። ቀጥሎ የምለውን አላዘጋጀሁም ነበር። ብቻ «እማማ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ እናት አላውቅም» አልኳት። አለቀሰች፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም። ምሕረት ማለት ይህ ከሆነ አድርጌላታለሁ፤ የቀረውን ሐምሌ ላይ ስመጣ ፊት ለፊት እንነጋገራለን። ለመምጣት ፈቃድ ጠይቄአለሁ።

ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና ስለ አንተ ጠየቀችኝ። «ጠጋኙ እንዴት አነበበው? እየሮጠ ነው ወይስ ሁሉንም?»

«ሁሉንም» አልኳት። «ቁልፍ በቁልፍ በእጁ ገልብጦ ነው የላከልኝ። አሥር ቀን ፈጅቶበታል። የአልጋውን ጠርዝም ጭምር ጽፎታል።»

ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ «እማማ?» አልኳት። አልተቋረጠም፤ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። ለእኔ ዝም ካለችው ይልቅ ላንተ ዝም ያለችው ረዘመ።

ቀናሁብህ።

አሥራ አንድ ወር ታናሽህ